ነገርን ከሥሩ፤ አሮጌዋ ቮልስ አልነሣ ስትል

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ እንደ ነገርናቸው ቈጥረን አንጨርሰውም፤ ነገር ግን በራሳችን ላይ እስኪደርስ ድረስ ትርጕሙን በሙሉ ዐውቀነው ነበር ለማለት አንደፍርም። በዚህ ወር የምናወራው ስለ አንዲት አሮጌ መኪና፥ ስለ አንዲት ጥቍር ሽቦና ያለ በደሉ ስለ ተከሰሰ አንድ ወጣት ነው። መኪና የሌላቸው አንባቢዎቻችንም እስከ መጨረሻው ቢታገሡን ለቤታቸው የሚሆን ነገር ሳያገኙ አይቀሩም።

መኪናችን እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች፥ ሕዝባችን «ቮልስ» እያለ የሚጠራት ቮልስዋገን ናት። የዚህች ዐይነት መኪና ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ በተባለው ከተማ ፈጽሞ ቢቆምም፥ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ስትመላለስ ትታያለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ መያዝ ለብዙ ቤተ ሰብ የግድ ነገር ሆኗል።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ይህች ቮልሳችን አንድ ክፉ ጠባይ አመጣች። ጧት በብርዱ ያለ ችግር ትነሣለች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄደች በኋላ ግን እንደ ማስነጠስ እያደረጋት ትጠፋለች። ሞተሪኖው በደኅና ያሽከረክራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ጥቂት ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልደረሰባት ሁሉ ትነሣለች። አንድ ቀን እናታችንን ወደ ዐይን ሐኪም ስንወስድ ዳገት መካከል ላይ ጥላን ቆመች። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናታችን ምርኵዛቸውን ይዘው የቀረውን መንገድ በእግራቸው ወጡ። አንዲት ቃል አልተናገሩንም፤ ዝምታቸው ግን ከነቀፋ ይልቅ ከበደን።

ከዚያች ቀን በኋላ በቍጣ ዕቃ መግዛት ጀመርን። በመጀመሪያ አራቱንም ካንዴላዎች ለወጥን፤ መኪናይቱ አልዳነችም። ቀጥለን ፑንቲናና ኮንደንሰር ገዛን፤ አሁንም አልዳነችም። በመጨረሻም አንድ ወዳጃችን «ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ነው» ስላለን፥ አዲስ ቦቢና በብዙ ገንዘብ ገዝተን በሰፈራችን ባለ አንድ ጋራዥ አስገጠምን። የገጠመው በዚያ በረዳትነት የሚሠራ ወጣት ነበረ። መኪናይቱ ሁለት ቀን በደኅና ሄደች፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዷ ጠፋች።

በዚህ ጊዜ የሠራነውን ስሕተት ሳንሸሽግ እንናገራለን። ወደ ጋራዡ ሄድንና በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት፥ ወጣቱ አዲሱን ዕቃችንን አስቀርቶ አሮጌ ቦቢና ገጥሞልናል ብለን ከሰስነው። ልጁ ካቻቢቴውን በእጁ እንደ ያዘ፥ «የኔታ፥ የሰጡኝን ነው የገጠምሁት» አለን። እኛም «ልጄ፥ ዕቃው አዲስ ከሆነ መኪናይቱ ለምን ትቆማለች?» አልነው። መልስ አልነበረውም፤ እኛም መልስ ማጣቱን እንደ ማስረጃ ቈጠርነው። ባለ ጋራዡ የደንበኛውን ክብር ለመጠበቅ ብሎ በማግሥቱ ልጁን ከሥራ አሰናበተው።

ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ፥ ዕድሜአቸውን በሙሉ በመኪና ጥገና ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን መኪናይቱን ስንገፋ አይተው ወደ እኛ መጡ። «መምህር፥ ስንት ዕቃ ለወጡ?» አሉን። አንድ በአንድ ቈጠርንላቸው። «ስንቱንስ መረመሩ?» አሉን። ዝም አልን። እሳቸውም ሳቅ ብለው፥ «እንግዲያው ከባትሪው እንጀምርና ኤሌክትሪኩን እግር በእግር እየተከተልን እንሂድ፤ የጠፋበት ስፍራ ላይ እንደርሳለን» አሉን።

የሽማግሌውን ምርመራ አንባቢ በቀላሉ እንዲከተለው፥ የነገሩን ሥርዐት አስቀድመን እናስረዳ። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ነው፤ በካንዴላ ጫፍ ላይ ብልጭታ ለማውጣት ግን ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። ይህን የሚያበዛው ቦቢና ነው። በውስጡ ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ አንደኛው ወፈር ያለና ዙሩ ያነሰ፥ ሁለተኛው እንደ ጠጕር የቀጠነና ብዙ ሺህ ዙር የተጠመጠመ ነው። ፑንቲናው በተዘጋ ጊዜ ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ጥቅል ውስጥ ያልፍና የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ፑንቲናው በተከፈተ ጊዜ ያ ኃይል በድንገት ይፈርስና በቀጭኑ ጥቅል ውስጥ ታላቅ ቮልት ይወልዳል። ኮንደንሰሩ ፑንቲናው ሲከፈት በእሳት እንዳይበላ ይጠብቀዋል፤ መቋረጡም ፈጣን እንዲሆን ያደርጋል። የተወለደው ኃይል ወደ ዲስትሪቢውተሩ ክዳን ይሄዳል፤ በዚያም የሚሽከረከረው ሮተር ለእያንዳንዱ ካንዴላ በተራው ያድለዋል። የቮልስ ተራ 1፥ 4፥ 3፥ 2 ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ይህ ሥራ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ጊዜ ይፈጸማል። በባትሪና በቦቢና የሚሠራውን ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1910 ለካዲላክ መኪናዎች ካበቃው ወዲህ፥ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ እስኪተካው ድረስ ለብዙ ዘመን የዓለም መኪናዎች ተገለገሉበት።

በጀርመን መኪናዎች ላይ ደግሞ ለመርማሪ እጅግ የሚረዳ ቍጥር በየማያያዣው ተጽፏል። 30 ማለት ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ ነው፤ በቮልስ ላይ ሽቦው እንደ ልማዱ ቀይ ነው። 15 ማለት ቍልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ ነው፤ ሽቦው ጥቍር ነው። 50 ሞተሪኖውን የሚያዝዝ ነው። 1 ከቦቢናው ወደ ፑንቲናው የሚሄድ፥ 4 ደግሞ ከቦቢናው የሚወጣው ታላቁ ቮልት ነው። ቡናማው ሽቦ፥ መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት፥ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝ ነው። ነገር ግን በአምሳ ዓመት ውስጥ ብዙ እጅ በነካው መኪና ላይ ቀለምን ብቻ ማመን አይገባም፤ ቀይ የጠፋበት ሰው ባገኘው ሰማያዊ ቀጥሎ ሊሆን ይችላልና።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንመለስ። ሽማግሌው በመጀመሪያ የኋላውን ወንበር አነሡ፤ የቮልስ ባትሪ ከሥሩ ነውና። የባትሪው መክደኛ ባለመኖሩ ገሠጹን፤ የወንበሩ የብረት ምንጭ ሰው ሲቀመጥበት ዝቅ ብሎ የባትሪውን ጫፎች ቢነካ እሳት ይነሣል። ይህን የሚያነቡ የቮልስ ባለቤቶች ዛሬውኑ ወንበራቸውን አንሥተው ይመልከቱ። ከዚያም በቮልት መለኪያ ባትሪውን ለኩ። በደንብ የተሞላ ባትሪ በዕረፍት ጊዜ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12 ያህል ከሆነ ባዶ ለመሆን የቀረበ ነው። የእኛ 12.4 ነበረ። ሞተሪኖው ሲያሽከረክር ቮልቱ ከ9.6 በታች ቢወርድ ባትሪውን ወይም ወፋፍራሙን ሽቦ መጠርጠር ይገባል፤ የእኛ አልወረደም። የባትሪውን ማያያዣዎችና፥ ከማርሹ ቤት ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን የተጐነጐነ የማሳ ሽቦ ተመለከቱ፤ ደኅና ነበሩ። ሞተሩና ማርሹ በጎማ ላይ ስለሚቀመጡ፥ ይህ ሽቦ ቢበጠስ ወይም ቢዝግ ኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ ያጣል።

ቀጥለው ቍልፉን ከፍተው የዲናሞና የዘይት መብራቶች መብራታቸውን አዩ። እኛም በኩራት፥ «ጋሼ፥ ኤሌክትሪኩስ ሞልቶናል፤ መኪናይቱ በቆመች ጊዜ እንኳ ሬዲዮናችን ይናገራል» አልናቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩን፤ «ሬዲዮኑን ማን ገጠመው?» ብለውም ጠየቁን። «እኛው ራሳችን» አልን። ምንም ሳይመልሱ ሥራቸውን ቀጠሉ።

አንዲት ትንሽ አምፖል በሁለት ሽቦ አስረው፥ አንዱን ጫፍ በማሳ ላይ፥ ሁለተኛውን በቦቢናው 15 ላይ አደረጉ። አምፖሏ ቦግ ብላ በራች። እኛ በዚህ ስፍራ ቢሆን ኖሮ «ሽቦው ደኅና ነው» ብለን ባለፍን ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ ሲሉ አስተማሩን፦ «አምፖሏ የምትጠጣው ጥቂት ነው፤ ቦቢናው ግን ብዙ ይጠጣል። በቀጭን ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይሞላል፤ የአትክልት ቦታ ግን አይጠጣም። ሽቦ የሚመረመረው ሸክሙን እንደ ተሸከመ ነው።»

ስለዚህም ሞተሩን በእጅ አዙረው ፑንቲናው ተዘግቶ እንዲቆም አደረጉ። እንዲህ ሲሆን በቦቢናው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለ ማቋረጥ ያልፋልና፥ ሽቦው ሙሉ ሸክሙን ይሸከማል። ቍልፉን ከፍተው በቦቢናው 15 ላይ ለኩ፤ 8.9 ቮልት ብቻ ተገኘ። ባትሪው ላይ በዚያው ጊዜ 12.3 ነበረ። እንግዲህ 3.4 ቮልት በመንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ቢጠፋ መጠርጠር ይገባል። መለኪያውን አንብበው ወዲያው ቍልፉን ዘጉ፤ ሞተሩ ሳይዞር ቍልፍ ተከፍቶ ቢቆይ ቦቢናው ይግላል፥ ፑንቲናውም ይቃጠላልና።

የሒሳቡ ነገር ለተማሪ እንኳ ቀላል ነው። ቦቢናው 3 ኦም ቢሆንና በመንገዱ ላይ ያለ ብልሹ ማያያዣ 1 ኦም ቢጨምርበት፥ ከ12 ቮልት ሦስቱ በማያያዣው ላይ ይቀራሉ፤ ለቦቢናው የሚደርሰው 9 ብቻ ነው። በማያያዣው የቀረው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱ መዳቡን ያዝጋል፥ ዝገቱም መሰናክሉን ያበዛል። ጧት በብርድ የምትነሣው መኪና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የምትጠፋው ስለዚህ ነበረ። ይህን ነገር በትምህርት ቤት በጥቍር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ስንት ዓመት ኖረናል!

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው መንገዱን ከፋፍለው ለኩ። ከባትሪው እስከ ቍልፉ ድረስ የጠፋ ነገር የለም። ቍልፉም ራሱ ደኅና ነው። ከቍልፉ በሚወጣው ጥቍር ሽቦ ላይ እጃቸውን እየሳቡ ሲሄዱ ከሬዲዮኑ ጀርባ ደረሱና ቆሙ። በዚያ ስፍራ ሽቦው ተቈርጦ፥ ከሬዲዮኑ ሽቦ ጋር በእጅ ተጠምዝዞ፥ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነበር። ፕላስተሩን ሲገልጡት መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፥ ከጥቂት ክሮች በቀር የሚነካካ አልነበረውም። ሬዲዮኑ ኃይሉን ያገኝ የነበረው ከዚህ ብልሹ ስፍራ በፊት ስለ ነበረ፥ መኪናይቱ ስትሞት እሱ መናገሩን አላቋረጠም። ያን ሽቦ የቈረጥነውና የጠመዘዝነው እኛ ነን፤ ከአንድ ዓመት በፊት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ ገንዘብ ቈጠብን ብለን ደስ እያለን።

ጥገናው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የዛገው ተቈርጦ ወጣ፤ ውፍረቱ ከቀድሞው የማያንስ ሽቦ ተቀጥሎ በቆርቆሮ ተበየደ፥ በደኅና ተሸፈነ። ለሬዲዮኑም የራሱ ፊውዝ ያለው ሌላ መስመር ተሰጠው። ይህም አስፈላጊ ነው፤ በብዙዎቹ ቮልሶች ወደ ቦቢናው የሚሄደው ጥቍር ሽቦ በመካከሉ ፊውዝ የለውም፤ ተልጦ ብረት ቢነካ ሽቦው ራሱ ይነዳል።

የሌላ ሰው መኪና በሌላ ስፍራ ሊበላሽ ስለሚችል፥ ከቦቢናው ወዲያ ያለውንም በአጭሩ እንጻፍ። በ15 ላይ በቂ ቮልት ከደረሰ፥ አምፖሏን በቦቢናው 1 እና በማሳ መካከል አድርጎ ሌላ ሰው በሞተሪኖው እንዲያሽከረክር ማድረግ ነው። አምፖሏ ብልጭ ድርግም ካለች ፑንቲናው ይከፈታል፥ ይዘጋል፤ መንገዱ ደኅና ነው። ሳታቋርጥ ከበራች ፑንቲናው ቆሽሿል ወይም አይገጥምም። ፈጽሞ ካልበራች ደግሞ ፑንቲናው አይከፈትም፥ ወይም ኮንደንሰሩ ወይም ሽቦው ማሳ ነክቷል፥ ወይም የቦቢናው ወፍራም ጥቅል ተበጥሷል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር፥ የካንዴላው ክፍተት 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ብልጭታ ከጠፋ፥ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከፍቶ ስንጥቅና እርጥበት መፈለግ ይገባል፤ በክረምት ጧት በደረቅ ጨርቅ ብቻ ተጠርጎ የሚድን መኪና ብዙ ነው። ብልጭታ ሲፈተን ግን ባዶ እጅ መያዝ አይገባም፤ ትርፍ ካንዴላ ሰክቶ አካሉን በሞተሩ ብረት ላይ አስደግፎ ከሩቅ መመልከት ነው፤ የነዳጅ ሽታ ካለ ግን ፈጽሞ መሞከር አይገባም።

መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው አንድ ጊዜያዊ መላ አለ። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ወደ ቦቢናው 15 በቀጥታ አንድ ደኅና ሽቦ ቢዘረጋና ሞተሩ ቢነሣ፥ ጥፋቱ ከቍልፉ እስከ ቦቢናው ባለው መንገድ ነው። ሽቦው እንደ ተዘረጋ ሞተሩ በቍልፍ አይጠፋም፤ ሽቦውን መንቀል ያስፈልጋል። ወደ 1 ግን በፍጹም አይገናኝ፤ ከባትሪው የሚመጣው ያለ መሰናክል በፑንቲናው በኩል ወደ ማሳ ይፈስሳልና ያቃጥለዋል።

ስለ መኪናይቱ ይህን ያህል ከተናገርን፥ ስለ ልጁ ያለብን ይቀራል። በዚያው ማታ ቤቱን ጠይቀን ሄድን። እናቱ በራፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር፤ ማን እንደ ሆንን ሲሰሙ እጃቸው ቆመ፥ ነገር ግን «ይግቡ» ከማለት አልተመለሱም። ልጁ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ገበያ ውስጥ ዕቃ ሲሸከም መሰንበቱን ከዚያ ሰማን። የሆነውን ሁሉ ነገርነው፤ «ልጄ፥ የበደልንህ እኛ ነን፤ ይቅር በለን» አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «የኔታ፥ ሬዲዮኑን ሲሰቅሉ ቢጠሩኝ ኖሮ በነፃ እበይደው ነበር» አለን። እናቱ ሳቁ፤ እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም።

በማግሥቱ ከልጁ ጋር ወደ ጋራዡ ሄድን። ክሱን በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት እንዳሰማን፥ ስሕተታችንንም በእነዚያው ሰዎች ፊት ተናገርን፤ በአደባባይ የተወሰደ ስም በጓዳ አይመለስምና። ባለ ጋራዡ ልጁን መልሶ ተቀበለው። የሦስቱን ሳምንት ደመወዙን ከኪሳችን ከፈልን፤ ከገዛናቸው ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ ያለ ጸጸት ያወጣነው ገንዘብ ያ ብቻ ነበረ። አሮጌው ቦቢናችን ግን ዛሬም በመደርደሪያችን ላይ ተቀምጧል፤ ሲመረመር አንዳች ጕድለት አልተገኘበትም።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ቢይዙልን እንወዳለን። መኪና ያላችሁ፥ በመኪናችሁ ሣጥን ውስጥ አንዲት አምፖልና ሁለት ሽቦ ይኑራችሁ፤ የተበላሸውን ሳታገኙም ደኅናውን አትለውጡ። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ፥ ከቤታችሁ ብር ቢጠፋ ሠራተኛይቱን፥ ልጅ በፈተና ቢወድቅ መምህሩን፥ ወጥ ቢያርር ምራቲቱን ከመክሰሳችሁ በፊት፥ ነገሩን ከመነሻው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ተከታተሉት። እኛ በተከተልነው ሽቦ ጫፍ ላይ ያገኘነው የራሳችንን እጅ ሥራ ነው።

እናታችን የዐይናቸው ቀጠሮ በሁለት ወሩ ሲደርስ በዚያችው ቮልስ ዳገቱን ወጡ። በመካከሉ ላይ፥ ቀድሞ የቆምንበት ስፍራ ስንደርስ፥ «ሬዲዮኑን አጥፋው፤ ሞተሩን ልስማው» አሉን፤ እኛም አጠፋነው። በሚመጣው ወር እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።